ይግባኝ ጉዳዩን እንደ አዲስ መስማት አይደለም

ሰላም ወገኖች። ካሊፎርኒያ ውስጥ በኢንሹራንስ ማጭበርበር ጥፋተኛ ስለተባለ ሰው ሲነሳ፣ ብዙዎቻችሁ «ይግባኝ ሲል ጉዳዩ ከዜሮ ይታያል፤ እስከዚያ አዲስ ምስክርና የጋራዥ ደረሰኝ ያሰባስብ» እያላችሁ ነው። ምክሩ ከቅን ልብ ነው፤ አሠራሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ምስክር አይሰማም። የሚመረምረው የሥር ፍርድ ቤቱን መዝገብና የችሎቱን የቃል ግልባጭ ነው፤ ጥያቄውም የሕግ ስህተት ተሠርቷል ወይ፣ ስህተቱስ ውጤቱን ነክቷል ወይ የሚል ነው። «ማስረጃው አይበቃም» ብሎ መከራከር ይቻላል። ያኔም ቢሆን ዳኞቹ መዝገቡን የሚያነቡት ለፍርዱ በሚያደላ መንገድ ነው፤ ማን እውነት ተናገረ የሚለውን እንደገና አይመዝኑም። አዲስ ማስረጃ ላለው ሰው ሃቢየስ ኮርፐስ የሚባል ሌላ የአቤቱታ መንገድ አለ።

ጉዳቱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። የይግባኝ ማስታወቂያ በከባድ ወንጀል ፍርድ ከተሰጠ በ60 ቀን፣ በቀላል ወንጀል በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የኢንሹራንስ ማጭበርበር እንደ ሁኔታው በሁለቱም ሊመደብ ስለሚችል ክሱ በየትኛው እንደቀረበ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ደረሰኝ ሲፈለግ ቀኑ ካለፈ ይግባኙ በአብዛኛው ውድቅ ነው። የሚያሳዝነው ማስታወቂያው አጭር ቅጽ መሆኑ ነው፤ ዝርዝር ክርክሩ የሚጻፈው በኋላ ነው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ቅጽ ሲአር-120ን (ለከባድ) ወይም ሲአር-132ን (ለቀላል)፣ እንዲሁም የፍርድ ቤት ደንብ 8.308ን እና 8.853ን ይመልከት።