ከአጥሩ ሥር ለተቆፈረው አፈር

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ለባለሙያውም፣ ለባለ እርባታውም፣ ከአጥሩ ውጭ ተኮልኩለን ለተመለከትነውም።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። የወተት ላሞቹ አዛባ ማጠራቀሚያው በሞላ ቁጥር በቦቴ እየተቀዳ በዚያች አንዲት ማሳ ላይ ሲደፋ ከረመ። ይዝነብ አይዝነብ፣ ሰብል ይኑር አይኑር የጠየቀ የለም። አፈሩ ላዩ እንደ ደረቀ ቆዳ ጠንክሮ ውሃ አላስገባም አለ። የበቆሎው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ነደደ። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቡናማው ፍሳሽ እየተግተለተለ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ግርጌው ላይ ያለው የጉድጓድ ውሃም ሽታው ተለወጠ። አቤት ተባለ፣ ተጻፈ፣ በስንት ውትወታ መርማሪ ተላከ።

መጣና ምን አደረገ? አካፋውን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ አጥሩ ሄደ። ቦቴው ደርሶባት የማያውቅ፣ ሣሯ ለምለም የሆነች ጥግ አለች። እዚያች ላይ አንዴ ቆፈረ፣ አንድ እፍኝ አፈር ከረጢት ውስጥ ጨመረ፣ ጽሑፍ ለጠፈበት፣ መኪናው ውስጥ ገባ። መሃሉን በጫማው እንኳ አልረገጠውም። ውጤቱ ሲመጣ «መሬቱ ጤነኛ ነው» ይላል። አዎ፣ ያቺ ጥግ ጤነኛ ናት!

አፈር እንዲህ አይመረመርም። ማሳው እየተዞረ ከአሥራ አምስት፣ ከሃያ ቦታ ተቆፍሮና ተደባልቆ ነው ናሙና የሚባለው። አዛባው ውስጥ ያለው ፎስፈረስ የሚከማቸው ላይኛው አፈር ላይ ነው፤ ከአዛባው ናይትሮጅን የሚፈጠረው ናይትሬት ግን ከውሃ ጋር ቁልቁል ስለሚሰርግ ጠለቅ ብሎ መቆፈር ግድ ይላል። የጉድጓዱንስ ውሃ ለምርመራ ማን ቀዳው? የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ያለው ውሃ በጡጦ የሚያድግ ሕፃን ደም ኦክስጅን መሸከም እንዲያቅተው ሊያደርግ ይችላል። እኛ እኮ ልጆች አሉን።

ፍግን የምጠላ አይምሰላችሁ፤ በልኩ ከተበተነ ለአፈር መድኃኒት ነው። ግን አንዲት ብዙ የምትታለብ ላም በቀን 50 ኪሎ እና ከዚያም በላይ እበትና ሽንት ታወጣለች። መኖው ከስንት ሰው ማሳ ተሰብስቦ ይመጣል፣ አዛባው ግን እዚሁ አንድ ቦታ ይደፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ሕግ፣ ለናይትሬት ብክለት በተጋለጡ አካባቢዎች ከፍግ የሚመጣ ናይትሮጅን በሄክታር በዓመት ከ170 ኪሎ እንዳያልፍ ገድቧል። በእኛ ማሳ ላይ የፈሰሰውን ግን ማንም አልቆጠረውም።

እኛስ? ሰውየው ወደ አጥሩ ሲያመራ እርስ በርስ ተያየን፣ አንዱ በስልኩ ቀረጸ፣ አንዱ ሳቀ። «ተው፣ ነገር አታብዛ» የተባባልነውን ሳስታውስ ቁጣዬ ወደ ሐዘን ይለወጥብኛል። እርባታው ውስጥ የተቀጠረ ዘመድ ያላችሁ አላችሁ፤ ይገባኛል። ጉድጓዱ ግን ዘመድ አይመርጥም።

የተከማቸውን ፎስፈረስ ሰብል እየመጠጠ እስኪቀንሰው ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው፤ ድጋሚ ምርመራ ለመጠየቅ በተዘጋጀው ማመልከቻ ላይ ፈርሙ፣ ሰውየው ሲመጣም መሃል ማሳው ላይ አብራችሁን ቁሙ። ግማሻችሁ እንደማትመጡ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ የመጣነው ቦታውን እናሳየዋለን።