እርማት፦ የላላ የነዳጅ ቱቦ በፋሸታ ብቻ አይስተካከልም

ወንድሜ፣ «የፖርሽ 914 የነዳጅ ቱቦ ከላላ ፋሸታውን (ቱቦውን የሚያስረውን የብረት ቀለበት) ጠበቅ ማድረግ ይበቃል» ያልከውን ብዙ ሰው ያምንበታል። ግን ስህተት ነው፤ መኪና የሚያቃጥል ስህተት።

ቱቦው በሚሰካበት 7 ሚሊ ሜትር የብረት አፍ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ቱቦ አስገብተህ ስታጠብቀው ጎማው ዙሪያውን እኩል አይጨመቅም። ትርፉ ከፋሸታው ብሎን ሥር ይታጠፍና ቀጭን ቦይ ይፈጥራል። በቅርቡ ከአንድ 914 ያወጣሁት ቱቦ ከውጭ ሲያዩት አዲስ ነበር፤ በምላጭ ሰንጥቄ ስከፍተው ግን ያቺ ቦይ ቁልጭ ብላ ትታያለች፣ ጠርዟ በቤንዚን ዝቃጭ ቡናማ ሆኗል።

ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው መሣሪያ) ላይ ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ምናልባት ላብ ያህል ብቻ ያወጣ ይሆናል። አብዛኛው ባለ 4 ሲሊንደር 914 ግን ከፋብሪካው የወጣው በኢንጀክሽን፣ ማለትም ቤንዚንን በግፊት በሚረጭ ሥርዓት ነው። ብዙዎቹ ላይ ያለው ዲ-ጄትሮኒክ የተባለው የኢንጀክሽን ሥርዓት በ2 ባር ገደማ ግፊት ይገፋል። በዚያ ግፊት ቤንዚኑ አይንጠባጠብም፣ በጋለ ሞተር ላይ ይረጫል!

ስለዚህ መጀመሪያ አፉን በካሊፐር (ውፍረት በትክክል በሚለካ መሣሪያ) ለካ። ልኩ የሆነ ቱቦ በእጅ ሲገፉት እየታገለ ነው የሚገባው። ለኢንጀክሽን የተሠራውን፣ «ኤስኤኢ ጄ30 አር9» የሚል ምልክት ያለበትን ግዛ። ፋሸታውም ውስጡ ልሙጥ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ የታጠፈ ይሁን፤ ባለ ቀዳዳው ዓይነት ጎማውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ሥራውን ከመጀመርህ በፊት እባክህ የባትሪውን ነጌቲቭ ንቀል። ስትጨርስ ደግሞ ሞተሩን አስነስተህ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በባትሪ መብራት እይ፣ በደረቅ ጨርቅም ዳብስ።