ማስተካከያ፦ «ናይትሜር» ውስጥ ባዝራ የለችም

ባለፈው ጽሑፌ «ናይትሜር» (ቅዠት) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስተነትን፣ «ናይት» ሌሊት፣ «ሜር» ደግሞ ባዝራ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ናይት» ሌሊት መሆኑ ልክ ነው። «ሜር» ግን በጥንታዊ እንግሊዝኛ የተኛ ሰው ደረት ላይ ወጥቶ ትንፋሽ የሚያሳጥር ክፉ መንፈስ ነው። የእኛው ዱካክ በሉት። የባዝራዋ «ሜር» ከሌላ ሥር የመጣች ናት፤ በጊዜ ብዛት ድምፃቸው አንድ ሆነና ተምታቱ። መንፈሱ በጎረቤት ቋንቋዎችም ዘመድ አለው። ጀርመኖች «ናኽትማር» ይላሉ። የፈረንሳይኛው «ኮሽማር» መጨረሻም ይኸው ቃል ነው፤ መጀመሪያው ደግሞ መርገጥ፣ መጫን ማለት ነው። ዱካክ ይዞት የሚያውቅ ሰው ይህ ስም እንዴት ልክ እንደሆነ ይገባዋል።

እኔን ያሳሳተኝ ሄንሪ ፉስሊ በ1781 እ.ኤ.አ. የሣለው፣ በዚሁ ቃል የተሰየመው ሥዕል ነው። አንዲት ሴት ተዘርራ ተኝታለች። ደረቷ ላይ አስቀያሚ ፍጡር ቁጢጥ ብሏል። ከመጋረጃው መሃል ደግሞ የፈረስ ጭንቅላት ብቅ ብሏል። እኔ ፈረሱን አየሁ፤ የቃሉ ባለቤት ግን ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነው።

«መጥፎ ሕልም» የሚለው ትርጉም የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።