ዛሬም ምስር?

ነገሩ የተጀመረው በደረሰኝ ነው። ባለቤቴ የወሩን የአስቤዛ ደረሰኞች ከየኪሱና ከየቦርሳው ለቅማ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። አንዱን ጫፉን ይዛ ብድግ ስትል ሌላኛው ጫፍ መሬት ነካ። ትንሹ ልጃችን መጣና አጠገቡ ቆሞ ተለካ። ደረሰኙ በለጠው።

"ስማ" አለችኝ፣ "ይሄ ሁሉ ተበልቶ ነው?"

እኔም ገርሞኛል። ይሄ ሁሉ ከተበላ እኛን ያየ ሰው ለምን "ከስታችኋል" ይለናል?

ኤርንስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1857 የቤልጂየም ሠራተኞችን የቤት ወጪ ሲያገላብጥ አንድ ነገር አስተዋለ። የቤተሰብ ገቢ ባነሰ ቁጥር ከገቢው ላይ ሆድ የሚወስደው ድርሻ ይበዛል። ሕጉ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ባለቤቴ ቤልጂየም ድረስ መሄድ አላስፈለጋትም። የእኔን የደመወዝ ወረቀት ከደረሰኞቹ አጠገብ አስቀመጠችና ሁለቱን እያየች ዝም አለች። ዝምታዋ አስፈራኝ።

"ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ እንገዛለን፣ እሁድ እናበስላለን፣ ሳምንቱን እያሞቅን እንበላለን" አለች። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ሐሳብ መቼም ድስት እስኪነካ ድረስ ቆንጆ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዝርዝር ይዘን ወጣን። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ቀይ ቦሎቄ፣ ድንች፣ ዘይት። ሰባት ነገር ብቻ። በባዶ ሆድ ገበያ መውጣት ኪስ እንደሚያራቁት ሁለታችንም እናውቃለን። ቁርስ ግን አልበላንም። ለመቆጠብ ብለን።

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። እሷ ቅርጫት ስታነሳ እኔ ጋሪ ያዝኩ። ስለ ጋሪ አንድ ታሪክ አለ። ሲልቫን ጎልድማን የሚባል የኦክላሆማ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1937 የገበያ ጋሪን መደብሩ ውስጥ ሲያስገባ የሚገፋለት ሰው አጣ። ወንዶቹ "ቅርጫት መሸከም አቃተው" እንዳይባሉ ፈሩ። ሴቶቹ የሕፃን ጋሪ መግፋት በቅቶናል አሉ። ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ገዢ መስለው ጋሪ እየገፉ የሚዞሩ ሰዎች ቀጠረ። ለምን እንደዚያ እንደለፋ ግልጽ ነው፤ ቅርጫት ክንድ ላይ ሲከብድ ሰው መግዛት ያቆማል። ጋሪ ግን ከብዶም ይንከባለላል። እኔ ያለ ምንም ክፍያ ነው የገፋሁት።

ደግሞ ሰባት ነገር ትልቅ ጋሪ ውስጥ ሲታይ ያሳዝናል። የሆነ ነገር የጎደለ ይመስላል። ሞላነው።

ባለቤቴ ግን እንደ እኔ አይደለችም። እሷ የምታየው በትልቁ የተጻፈውን ዋጋ ሳይሆን ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል የተጻፈችውን የኪሎ ዋጋ ነው። "ትልቁ ሁልጊዜ ይረክሳል ያለህ ማን ነው?" ብላ የሁለት እሽግ ሂሳብ በስልኳ ሠርታ አሳየችኝ። እውነትም ትልቁ በኪሎ ይወደድ ነበር። ውዱ ዕቃ ዓይን ፊት፣ ርካሹ ጉልበት ሥር እንደሚደረደርም ያሳየችኝ እሷ ናት። ቆጣቢ ሰው ከሱፐርማርኬት ሲወጣ ወገቡን የሚይዘው ለዚህ ነው።

ከዚያ ሰናፍጩን አየሁ። ሁለት ለገዛ ሦስተኛው በነጻ። በቤታችን ሰናፍጭ የሚበላ ፍጡር የለም። ግን በነጻ የቀረበን ነገር ጥሎ መሄድ ራሱ ብክነት አይደለም ወይ? ይህን አልኳት። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለችኝና ወደ ምስሩ ሄደች። ሦስቱንም ብልቃጥ በምስሩ ከረጢት ሥር ደበቅኳቸው። ምስሩ አሥር ኪሎ ነው። የሚደብቀው አያጣም።

በዚያው ለሚበስለው ምግብ ማስቀመጫ ሠላሳ የፕላስቲክ ዕቃ ከነክዳኑ ገዛን። ወር ሳይሞላ ደግሞ ሁለተኛ ፍሪዘር ገዛን። ለመቆጠብ። ፍሪዘሩ ወጪውን እስኪመልስ ስንት ሰሃን ምስር መብላት እንዳለብን አንድ ማታ አሰላሁ። ትልቋ ልጄ ተድራ፣ ወልዳ፣ ልጆቿን ይዛ ምሳ ልትበላ ትመጣለች። ምስር።

የመጀመሪያው እሁድ የደረሰኝ ሥራ አምስት ኪሎ ሽንኩርት መክተፍ ነበር። ሁለተኛው ኪሎ ላይ ዓይኔ ጠፋ። አየር ልቀበል በር ላይ ብወጣ ጎረቤታችን ያዘኝ። ፊቴን አይቶ ደነገጠ።

"ምነው ወንድሜ? ደህና ናችሁ?"

"ሽንኩርት ነው" አልኩት አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

ትከሻዬን ያዝ አደረገና "አይዞህ። ሁሉም ቤት አለ" ብሎኝ ሄደ። እስከ ማታ ሦስት ሰው ደውሎ በደህና መሆናችንን ጠየቀ።

ቦሎቄው ሌላ ጣጣ ነው። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ሆድ የሚያገለብጥ መርዝ እንዳለው፣ ቢያንስ አምስት ሰዓት ተዘፍዝፎ ውሃው ተደፍቶ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መንተክተክ እንዳለበት አነበብኩ። በለስላሳ እሳት ለብ ለብ ማድረግ ጭራሽ ከጥሬው ይብሳል ይላል። ግማሽ ሰዓት አንተከተክሁት። ሰዓት ይዤ ድስቱ አጠገብ ቆምኩ። ባለቤቴ "ቦሎቄ ነው እንጂ እስረኛ አይደለም" አለችኝ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

የቸገረን ግን ማብሰሉ አይደለም፤ ማቀዝቀዙ ነው። የበሰለ ምግብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት። ትልቅ ድስት ደግሞ ዳሩ ቢበርድም መሀሉ እንደ ቂመኛ ሰው ለብ ብሎ ያድራል፣ ባክቴሪያ የሚወደውም ያንን ነው። ስለዚህ ሾርባው ሁሉ ጎድጓዳ ባልሆነ ዕቃ በስሱ መዘርጋት አለበት። ዘረጋን። የምግብ ጠረጴዛው ሞላ። የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሞላ። የመጻሕፍት መደርደሪያው፣ የልብስ መተኮሻው፣ የልጆቹ ጠረጴዛ። ትልቋ የቤት ሥራዋን አንድ ትሪ ሩዝና አንድ ትሪ ምስር መሀል ሠራች። ትንሹን ለሁለት ሰዓት "እንዳትሮጥ" አልነው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ተራምዶ አያውቅም።

ቀጥሎ ክዳን። ሠላሳ ዕቃ ከሠላሳ ክዳን ጋር ነው የገዛነው። ደረሰኙ አለ። እሁድ ማታ ሲቆጠር ዕቃው ሠላሳ፣ ክዳኑ ሃያ ሦስት ሆነ። ከሃያ ሦስቱም አራቱ የማናውቃቸው ናቸው። ይህን የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ሰኞ ሁላችንም ደስ ብሎን በላን። ከሥራ መጥቶ ሽንኩርት ሳይከትፉ ራት መብላት፣ ምን ይወጣለታል! ማክሰኞም ጥሩ ነበር። ረቡዕ ትንሹ ሰሃኑን አየና "ዛሬም ምስር?" አለ። ባለቤቴ "አይ፣ ይሄ ከካሮት ጋር ነው" አለችው። ካሮቱን አንድ በአንድ ለቀመና ወደ ጎን አደረገው። "አሁንስ?" አላት።

ሐሙስ ከፍሪዘር ያወጣነው ድንች ስፖንጅ ሆኖ ተገኘ። ሲጫኑት ውሃ ያወጣል። ልጆቹ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ትምህርት ልሰጥ ፈለግሁ። ምግብ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራና የአትክልቱን ሥጋ ይቀደዋል አልኳቸው። ክላረንስ በርድሳይ የሚባል አሜሪካዊ ላብራዶር በሚባል ብርዳም አገር ኢኑይት የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ያጠመዱት ዓሣ ከውሃ እንደወጣ በቅጽበት ደርቆ፣ ከወራት በኋላ ሲበላ ግን እንደ ትኩስ መሆኑን አየ። የዛሬው የፋብሪካ የቀዘቀዘ ምግብ ከዚያ መጣ። የእኛ ፍሪዘር ግን ቀርፋፋ ነው፤ ጥፋቱ የድንቹ አይደለም።

ትልቋ በጥሞና ሰማችኝና "ታዲያ አባዬ፣ እኛ ለምን ዓሣ አንበላም?" አለች።

ዓርብ ምግብ ከውጭ አዘዝን። ማንም ስለ ወጪው አላነሳም።

ያልተበላው ምስር ምን ሆነ? ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት አራት ቀን በላይ አይቆይምና ወደ ፍሪዘር ተዛወረ። እዚህ ላይ ነው ስለ ራሴ አንድ ነገር የገባኝ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደባከነ፣ ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው ከየሰው ቤት እንደወጣ ጽፏል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ጥፋቱን በሆቴሎች ነበር የማላክከው። ለካስ እኛው ነን። ግን ምግብ መጣል ያማል። ትናንት የበሰለን ነገር ቆሻሻ ውስጥ ሲደፉት እጅ ይንቀጠቀጣል። ፍሪዘር ገብቶ ሦስት ወር ተኝቶ፣ ነጭ ሆኖ፣ ስሙ ጠፍቶ ሲወጣ ግን ማንም አያዝንለትም። ዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ምግብ ለጤና አይበላሽም፤ የሚበላሸው ጣዕሙ ነው። ከጣዕሙ ጋር ጸጸቱም አብሮ ይሄዳል። እኛ ብር ቆጠብን ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ጸጸት ግን ቆጥበናል።

ስሙ ጠፍቶ ያልኩት በምክንያት ነው። በየክዳኑ ላይ ወረቀት ለጥፈን ስምና ቀን ጽፈን ነበር። ወረቀቱ በእርጥበቱ እየተላጠ ፍሪዘሩ ወለል ላይ ተከመረ። አንድ ማታ እንግዳ መጣ። ቀይ ነገር ያለበት ዕቃ አወጣሁ። የቲማቲም ስጎ። ፓስታው ተቀቀለ፣ ስጎው ሞቀ፣ ፈሰሰበት። እንግዳችን ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ። ባለቤቴን አየ። እኔን አየ። እንጆሪ ነበር፤ ከስኳር ጋር የፈላ። "ደስ ይላል" አለ ሰውየው፣ ጨዋ ነው። ያን ማታ አንጀቱ እስኪርስ የበላው ትንሹ ብቻ ነው።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ሁለት ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ካልተከፈተ! እኔ ቀዝቅዞ እንደሆነ ለማየት ከፈትኩ። ባለቤቴ እኔ በደንብ መዝጋቴን ለማየት ከፈተች። ልጆቹ እኛ ምን እንደምናይ ለማየት ከፈቱ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ምስሩ ጠርዝ ጠርዙ መላብ ጀመረ።

"ሰው እንጥራ" አለች ባለቤቴ። ሁለት ትልልቅ ድስት ጋዝ ላይ ጣድንና ልጆቹን በየጎረቤቱ ላክናቸው፦ ኑ፣ ራት እኛ ጋ ነው። ሻማ አበራን። በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አራት ቤተሰብ ቆሟል፤ ሁሉም ክንዱ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ደርድሯል። የእነሱም ፍሪዘር እየቀለጠ ኖሯል።

ዕቃዎቹ ተከፈቱ። ምስር። ምስር። ቦሎቄ። ምስር። ከሁሉም ታላቅ የሆኑት እናት ተራ በተራ እየከፈቱ ሲያዩ ቆዩና "ልጆቼ፣ ጦርነት ይመጣል ተብሎ ነው?" አሉን። በሽንኩርት ያጽናናኝ ጎረቤት ጠጋ አለኝ። "ያን ቀን..." አለ በሹክሹክታ፣ "በእውነት ሽንኩርት ነበር?" አዎ አልኩት። "እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እከትፋለሁ። የማለቅሰው ግን ጓሮ ሄጄ ነው።" ከኮቱ ኪስ አንድ ብልቃጥ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ይሄን ደግሞ ማን ይበላልኛል?" ሰናፍጭ። ሦስተኛው በነጻ።

እስከ እኩለ ሌሊት በላን፣ ሳቅን፣ ልጆቹ ሁለተኛ ጊዜ ጠየቁ። ያው ምስር ነው፤ ሰው ሲበዛ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

መብራት የመጣው ጎረቤቶቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሲወጡ ነው። ቆጠርኩ። ክዳን ሠላሳ አምስት፣ ዕቃ አሥራ ዘጠኝ፣ ሰናፍጭ አራት ብልቃጥ። ከፍሪዘሩ ግርጌ አንዲት ዕቃ ገና እንደ ድንጋይ ጠንክራ ተገኘች። የእኛ አይደለችም፤ ክዳኗ ሰማያዊ ነው፣ እኛ ሰማያዊ ክዳን ገዝተን አናውቅም። ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየኋት፣ አሸተትኳት፣ ወዘወዝኳት። ባለቤቴም አየቻት። "መጣል ነውር ነው" አለች።

ወረቀት ለጠፍኩባትና "ምስር፣ ሳይሆን አይቀርም" ብዬ ጽፌ መለስኳት።