የአያቶቻችሁን ጎራዴ ግራይንደር አታስነኩት

ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ሳንጃ አለ። ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ የደረሰ ነው። ርዝመቱ ከክንድ ይበልጣል። ጀርባው ወፍራም፣ እጀታው እንጨት፣ የእጀታው ጫፍ ነሐስ። ልጅ እያለሁ ጀርባው ላይ ያለውን የማላውቀውን ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ እጫወት ነበር። ምን እንደሚል የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ፈረንሳይኛ ነው። የሴንት ኤትየን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስም፣ ከዚያ ወሩ፣ ከዚያ ዓመቱ። ልክ በብዕር እንደተጻፈ ሆኖ የተቀረጸ።

ዛሬ ያ ጽሑፍ የለም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለበዓል ቤት ሲታደስ፣ ሳንጃውን እዚሁ ባሕር ዳር ወደ አንድ ብረታ ብረት ቤት ወሰድኩት። «ዝገቱን ብቻ አንሱልኝ» አልኩ። ልጁ በቅንነት ነው የሠራው። ግራይንደሩን አስነሳ፣ ብልጭታው ተረጨ፣ አሥር ደቂቃም አልፈጀ። እንደ መስታወት አድርጎ ሰጠኝ፤ ፊቴን አየሁበት። ጀርባውን ስዳስሰው ግን ልሙጥ ነው። ከዓመቱ የተረፈችው «18» ብቻ ነች።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደ እኔ እንዳይቆጨው ነው። ከተማችን ውስጥ የአሮጌ ጎራዴና ሳንጃ ገበያ ደርቷል። ሐይቁ ዳር ባሉ የባህል ዕቃ ሱቆች ይሸጣል፣ በቴሌግራም ይሸጣል፣ ሰው ለሳሎኑ ይገዛል። ችግሩ ሁሉም የሚፈልገው የሚያብለጨልጨውን መሆኑ ነው። ስለዚህ ሻጩ ይፍቃል። ሲፋቅ ደግሞ ዕቃው ራሱ የሚናገረው ነገር አብሮ ይሄዳል።

የእኔ ሳንጃ የውጅግራ ሳንጃ ነው። ውጅግራ የሚለው የጠመንጃ ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ነው፤ ፉዚ ጠመንጃ ማለት ነው፣ ግራ የነዳፊው መኮንን ስም ነው። ጠመንጃው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1874 ሞዴል ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ሌቤል የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ ውጅግራው ከጦሯ ተርፎ ለሽያጭ ወጣ። ያ ትርፍ ነው በመርከብ ተጭኖ፣ በግመል ተጎትቶ ወደ እኛ የገባው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በአባቶቻችን ትከሻ ላይ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ሳንጃው ጀርባ ላይ ያለችው ያቺ አንዲት መስመር ይህን ሁሉ መንገድ የምታስጀምር ናት። እኔ አሥር ደቂቃ ውስጥ አጠፋኋት።

የጣሊያኑም እንደዚሁ ነው። ጎጃም ውስጥ አርበኛ ከጠላት የማረከው ካርካኖ የሚባል የጣሊያን ጠመንጃ በየቤቱ ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቷል። ከእነዚህ ጠመንጃዎች አንዳንዶቹ ላይ ከተሠሩበት ዓመት ጎን ትንሽ የሮማ ቁጥር አለች። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የሚቆጠር የፋሺስቶቹ የራሳቸው ዘመን ነው። ማን ሠርቶ፣ መቼ ሠርቶ እንደላከብን ብረቱ ራሱ ይመሰክራል። ጎራዴዎቻችንም ቢሆኑ ብዙዎቹ ስለታቸው የተሠራው ጀርመን አገር ዞሊንገን ውስጥ ነው። የይሁዳ አንበሳና የግዕዝ ፊደል ያለባቸውም አሉ። ያ ሥዕል ጥልቀቱ ከፀጉር አይበልጥም። ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ ካለፈበት አለቀ።

ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች፣ ቆሻሻውን ግዙ። ከልቤ ነው። ጥቁር ብሎ የተቀመጠው፣ ሰገባው የተቀደደው፣ እጀታው የላላው ይሻላል። ዝገቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ተጠራጠሩ፤ አዲስ ብረት አሲድ ቀብተው «የዓድዋ ነው» የሚሉ አሉ። የእውነት ያረጀ ዕቃ እጅ የያዘው ቦታ ላይ ተልጎ ለስልሷል፣ እጅ ያልደረሰበት ጥግ ላይ ደግሞ ጠቁሯል። ከማን ቤት እንደወጣም ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ጻፉ። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው ከተባላችሁ ተዉት፣ ዓለም አቀፍ ንግዱ የተከለከለ ነው።

ማጽዳቱን በተመለከተ መጀመሪያ ሁለቱን ዝገቶች ለዩ። ቀዩ፣ ጣት ላይ የሚቀረው፣ ብረቱን እየበላ ያለው ነው። ጥቁሩ ወይም ጥቁር ቡናማው ግን የረጋ ነው፤ የብረቱ ቆዳ ሆኗል። የሚነሳው ቀዩ ብቻ ነው። የስፌት መኪና ዘይት ቀቡትና አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ በቀርከሃ ስንጥር ወይም በአሮጌ የነሐስ ሳንቲም ጠርዝ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ነሐስ ከብረቱ ይለሰልሳልና አይቧጭረውም። በጥጥ ጨርቅ ጥረጉ፣ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ሌሊት። ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ። ሎሚ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ የድስት ሽቦ አይነካውም። ነሐሱንም ብራሶ የሚባለውን ማወልወያ አትቀቡት፤ በየዓመቱ በተወለወለ ቁጥር ማኅተሙ እየሳሳ ይጠፋል።

ጣና ዳር ለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር። ክረምት ላይ ቤታችን ውስጥ ምን ያህል እርጥበት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ ይሻግታል። ብዙ ሰው ጎራዴውን ቆዳ ሰገባው ውስጥ ከትቶ «ተጠበቀ» ይላል። ቆዳ ግን እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበትም ነገር ብረት ይበላል። ስለቱንና ሰገባውን ለያይታችሁ አስቀምጡ። በእጅ ከነካችሁትም ጥረጉት፤ የላብ ጨው የጣት አሻራችሁን ብረቱ ላይ ዝገት አድርጎ ይተክለዋል።

ጠመንጃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ክልላችን የጥይት ድምፅ በለመደበት በዚህ ጊዜ አሮጌ ጠመንጃ ለጌጥ ብሎ ከመንገድ መግዛት አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድ ይጠይቃል፤ «አሮጌ ነው፣ አይተኩስም» ማለት አያድንም። በፈቃድ የወረሳችሁት ካለ መጀመሪያ ጥይት የሚጎርስበት ጉሮሮው ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥላችሁ። የድሮ ጥይት ሲተኮስ ቱቦው ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም። ድሮ ተኳሾች ቱቦውን በፈላ ውሃ ያጠቡ የነበረው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በደንብ አድርቀው ዘይት ይቀባሉ። ጎራዴውም ሆነ ሳንጃው ቅርስ ከሆነ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ከልክሏል። ለዘመድ በሻንጣ የምትልኩ አስቡበት።

የብረታ ብረት ቤት ልጆችም ይህን ብታነቡ ደስ ይለኛል። አሮጌ ስለት ይዞ የሚመጣ ሰው ሲገጥማችሁ ማሽኑን ከማስነሳታችሁ በፊት ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና እዩት። ፊደል ካለ ለባለቤቱ አሳዩት። ለእኔ ያን የሚያሳየኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይዤ እመለስ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የአያቱን ጎራዴ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። «እንዴት ላጽዳው?» አለኝ። ዘይት ቀብተን አሳደርነው። በማግስቱ ከሥራ መልስ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን፣ እሱ ስንጥር እኔ ጨርቅ ይዘን ጀመርን። ሊመሽ ሲል ከእጀታው አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቀዩ ዝገት ለቀቀና አንዲት ቀጭን የተጠማዘዘች መስመር ብቅ አለች። የአንበሳ ጅራት ነው። መብራት አልነበረም፤ ዘይት ቀብተን ነገ ልንቀጥል ተለያየን።