ያን ልጅ ያስወጣነው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተቀርቅሮ የቀረ ነገር ነው።

አምና በፍልሰታ ነው። የነሐሴን ጭቃ ታውቁታላችሁ። ቅዳሴ ከተገባ ቆይቷል። ከፊቴ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ቆሟል። ነጠላው የእናቱ መሆን አለበት፣ መሬት ይጎትታል። ሊቆርብ በባዶ ሆዱ ነው የመጣው። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቆይቶ አንዱን እግሩን በሌላው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈና እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ጉልበቱ ከዳው። ጓደኛው አይቶት ሳቀ። እሱም ሳቀ። በቃ፣ ጥፋቱ ይቺ ናት።

አንድ ትልቅ ሰው ጆሮውን ይዞ ጎተተው። "አሳዳጊ የበደለው! ውጣ!"

ልጁ አላለቀሰም። ነጠላውን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ ሁሉ የጫማ ክምር ውስጥ የራሱን ሲፈልግ አየሁት። አንዱን አገኘ፣ ሌላውን አጣ። ያገኘውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ጭቃው ላይ ሄደ።

ያን ሰው ይቅር ማለት አቅቶኛል። አባታችን ሆይ ስል "እኛ የበደሉንን ይቅር እንደምንል" ላይ ስደርስ ትንፋሼ ይቆራረጣል።

ሕዝቡ ሊወጣ ሲል እናትየው እየሮጠች ደረሰች። ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ውላ ነው። "ልጄ ቆረበ?" አለች። ሁላችንም ነጠላችንን ማስተካከል ጀመርን።

እናንተ ሰዎች! ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ታቅፈን ሮጠን ክርስትና እናስነሳለን። ደግሰን፣ ፎቶ ተነስተን። ከዚያስ? "ሕፃናትን ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉ" የሚለውን በቃላችን እናውቀዋለን። ማርቆስ 10ን እስቲ ገልጣችሁ እዩት። ጌታ የተቆጣው ሕፃናቱን አይደለም፤ የሚከለክሉትን፣ የራሱን ደቀ መዛሙርት ነው። አጠገቡ የቆሙትን! ኋላ ልጆቹ ጎርምሰው ሲቀሩብን "ቲክቶክ ወሰደብን" እንላለን። ቲክቶክ እኮ የማንንም ጆሮ ይዞ አላስወጣም።

እኔስ? ከልጁ የራቅሁት አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ። የጸለይኩ መስሏችሁ ከሆነ፣ አልጸለይኩም። የዚያኑ ዕለት ማታ ውዳሴ ማርያም ስደግም ልጄ መጥታ "አባዬ፣ እመቤታችን ልጅ እያለች ምን ትጫወት ነበር?" አለችኝ። አቋረጠችኝ ብዬ ስልኬን ሰጠኋት። ካርቱኑ እየጮኸ ጸሎቴን ጨረስኩ። ዘዳግም 6፥7 ትእዛዙን ለልጆችህ አስተምር ካለ በኋላ ቤትህ ስትቀመጥ፣ መንገድ ስትሄድ "ተጫወተው" ይላል። ተጫወተው ነው የሚለው! እኔ ልጄን ዝም አሰኝቼ ወደ እግዚአብሔር የቀረብኩ መስሎኝ ነበር። ጥያቄዋን እስካሁን አልመለስኩላትም። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

ዘንድሮ ነሐሴ ከገባ ጀምሮ በር በሩን ሳይ ሰነበትኩ። በዘጠነኛው ቀን አየሁት። ቁመቱ ጨምሯል፤ ነጠላው አሁን ልኩ ነው። ከውጭ፣ ከግንቡ ሥር ቆሟል። ወጥቼ "ና፣ እንግባ" አልኩት።

"እዚህ ይሻለኛል" አለኝ።

ልጄን ጠራኋት። ዝናቡ ሲጀምር ሦስታችንም አንድ ጃንጥላ ሥር ነበርን። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር ይንሾካሾካሉ። እኔም ዝም በሉ አላልኩም።