ሐኪም በማስታወቂያ ወይስ በምደባ? (ክርክር)

ለሐኪሞች የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ከጋዜጣ ገጽና ከግድግዳ ሰሌዳ ወደ ቴሌግራም ቻናሎችና ወደ ሥራ ማፈላለጊያ ድረ ገጾች ከተዛወሩ ቆይተዋል። ይህ ጠቀመ ወይስ ጎዳ? ሁለት ሐኪሞች ተከራክረዋል። አንደኛዋ አዲስ አበባ ውስጥ በግል ክሊኒክ የምትሠራ ጠቅላላ ሐኪም ናት፤ ሁለተኛው የዞን ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር የነበሩ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ናቸው።

ጠቅላላ ሐኪሟ፦
ዶክተር፣ የእርስዎ ትውልድ ዕጣ አውጥቶ ሥራ ያዘ። ጤና ጥበቃ ተመራቂውን ለክልሎች ይደለድል ነበር፣ ክልሉም ይቀጥር ነበር፣ አለቀ። በ2004 ዓ.ም. በአዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር 13 ተቋማት በአንድ ጊዜ ሐኪም ማሠልጠን ሲጀምሩ ግን የክልሎች የበጀት መደብ አብሮ አላደገም። ለ10,000 ሰው አንድ ገደማ ሐኪም ባለበት አገር ሐኪም ሥራ ፈትቶ ቤቱ ተቀመጠ። በሽተኛ ሞልቷል፤ የጠፋው ደመወዝ የተያዘለት መደብ ነው። ታዲያ በየጤና ቢሮው በር እየዞርኩ «ክፍት ቦታ አለ?» ከምል ስልኬ ላይ ባየው ምን ክፋት አለው? ድሮ ቦታ መኖሩን የሚያውቀው ዘመድ ያለው ብቻ ነበር።

የቀድሞው ሜዲካል ዳይሬክተር፦
መደብ ከሌለ ማስታወቂያ መደብ አይወልድም። ያለውን ሐኪም ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል እንጂ። እኛ ጋ አንድ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ነበረን፤ አንድ ብቻ። የከተማ የግል ሆስፒታል ያወጣውን ማስታወቂያ በስልኩ አየ፣ መልቀቂያ ጠየቀ፣ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌሊት የተወሳሰበ ምጥ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «አምቡላንሱ ነዳጅ አለው ወይ?» ሆነ። ማስታወቂያው ለእሱ ዕድል ነበር። ለወረዳው እናቶች ምን እንደነበር ግን የሚጽፍ የለም።

ጠቅላላ ሐኪሟ፦
አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። ያ ሐኪም ሲለቅ የተረኝነት ክፍያው የስንት ወር ተወዝፎ ነበር? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያው ሥራ እስከ ማቆም የደረሰው በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ጥያቄ እንጂ ቴሌግራም ስለከፈተ አይደለም። ዕጣ የደረሳቸውስ ቢሆኑ ቆዩ? ብዙዎቹ የግዴታ አገልግሎቱን ጨርሰው ወጡ፤ አንዳንዱም ሳይጨርስ። የትምህርት ማስረጃውን አልሰጥም ብሎ ሰውን ማቆየት ይቻላል፤ ልቡን ማቆየት ግን አይቻልም።

የቀድሞው ሜዲካል ዳይሬክተር፦
ተወዝፎ ነበር፤ አልክድም። ግን ያንቺን የተመሰገነ ማስታወቂያ እስቲ አብረን እናንብበው። «ጠቅላላ ሐኪም፤ ብዛት 1፤ የሥራ ልምድ 2 ዓመት፤ የታደሰ የሙያ ፈቃድ ያለው፤ ደመወዝ በስምምነት።» ምን አወቅሽ? በቀን ስንት በሽተኛ እንደምታዪ የለም። በሳምንት ስንት ሌሊት ተረኛ እንደምትሆኚ የለም። ባለቤቱ «የምታዢው የላቦራቶሪ ምርመራ ለምን አነሰ?» እያለ ይቆጣጠርሽ እንደሆነም አልተጻፈም። «በስምምነት» ማለት ከመቶ አመልካች መካከል የቸገረው ሰው በሚቀበለው ዋጋ ማለት ነው። ከዚያም የባሰ አለ፦ ሥራውን ሳይሆን ፈቃዱን ብቻ የሚፈልጉ። ሐኪሙ ስሙን ያስመዘግባል፣ ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ ይቀበላል፣ በሽተኛውን ሌላ ሰው ያያል። ይህን ዓይነት ውል ድሮ በሹክሹክታ ነበር የሚዋዋሉት፤ አሁን የውስጥ መስመር መልእክት አቀለለው።

የሐርጌሳንና የባሕረ ሰላጤ አገሮችን የሥራ ማስታወቂያ ልተወው ብል አልችልም። ለባሕረ ሰላጤው የማስረጃ ማጣራቱ ዳታፍሎው በሚባል ድርጅት፣ የፈቃድ ፈተናው ፕሮሜትሪክ በሚባል ፈታኝ ድርጅት፣ ይሄ የታወቀ መንገድ ነው፤ ማንም ሐኪም ራሱ ሊያደርገው ይችላል። መሐል ላይ ግን «ቦታ ይዤልሃለሁ» የሚል ደላላ ገብቶ ገና ሥራ ካልያዘ ልጅ ገንዘብ ይቀበላል።

ጠቅላላ ሐኪሟ፦
ደላላውን በተመለከተ ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። ኢትዮጵያ በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት አንቀጽ 7 የግል አሠሪና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል እንደሌለበት ይደነግጋል። የፈቃድ ኪራዩም ሕገ ወጥ ነው፤ ተቆጣጣሪው ይያዘው። «በስምምነት» የሚለውን ግን እኔም እጠላዋለሁ። ደመወዝ ያልጻፈ ማስታወቂያ አይለጠፍ ቢባል የመጀመሪያዋ ደጋፊ ነኝ። እስከዚያው ድረስ ቢያንስ ከማስታወቂያው ሥር የሚጻፈው አስተያየት አለ፦ «እዚህ ቤት ሦስት ወር ሠርቼ አልተከፈለኝም» ይላል አንዱ። በዕጣ የተመደበ ሰው ይህን የሚያውቀው ሻንጣውን ካወረደ በኋላ ነበር።

የቀድሞው ሜዲካል ዳይሬክተር፦
አስተያየቱን ተፎካካሪ ክሊኒክም ሊጽፈው ይችላል፤ እሱን እንለፈው። ሕጉን ካነሳሽ ግን ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ምልመላ መመሪያ አጽድቋል። በ2023 ባወጣው ዝርዝር ደግሞ የባለሙያ እጥረት ክፉኛ የሚጎዳቸውን 55 አገሮች ለይቷል፤ ኢትዮጵያ አለችበት። ሀብታም አገሮች ከእነዚህ አገሮች ባለሙያ አሳድደው እንዳይመለምሉ ይመክራል። ይመክራል ብቻ፤ አያስገድድም። ሐኪሙ ራሱ ካመለከተ ደግሞ ማንም አይከለክለውም። ስለዚህ ምልመላው በሩን አንኳኩቶ መግባቱን ተወ፤ ማስታወቂያ ለጥፎ ይጠብቃል።

እኔ ሰሌዳው ይዘጋ አላልኩም። ጤና ቢሮዎች ባዶ መደባቸውን ለግል ሆስፒታል ማስታወቂያ አስረክበው መተኛታቸውን ነው የምቃወመው። ክልሉ በጀት የተያዘለትን እያንዳንዱን ቦታ ያውጣ፤ ለሩቁ ወረዳ የቤትና የበረሃ አበል ይጨምርበት፤ ስፔሻላይዝ ለማድረግ ስፖንሰር የሚሆንበትን ዓመት አብሮ ይጻፍ። ያን ጊዜ ምደባው ከማስታወቂያው ጋር ይወዳደራል።

ጠቅላላ ሐኪሟ፦
የስፖንሰሩን ዓመት በጽሑፍ ካስቀመጡልኝ ነገ አመለክታለሁ፤ በስልኬ። ግን የተወዘፈውን የተረኝነት ክፍያም ይጻፉበት።

የቀድሞው ሜዲካል ዳይሬክተር፦
እሱ ከተጻፈበት ማን ያመለክታል?

ጠቅላላ ሐኪሟ፦
እንግዲያው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ይክፈሉ።